ሳውና እና ባና

ከፊንላንድ ቋንቋ ወጥተው በዓለም ልሳናት ሳይተረጎሙ ከሚነገሩ ጥቂት ቃላት አንዱ «ሳውና» ነው። ወደ እኛም ሳይተረጎም ገብቷል። አዲስ አበባ ላይ በሆቴሎች ማስታወቂያና በውበት ሳሎኖች በር «ሳውና፣ ስቲም፣ ማሳጅ» ተብሎ በሰልፍ ይነበባል። መሐል ሜዳ ላይ ግን ቃሉ እንግዳ ነው። በእኛ ቤት እንግዳነቱ ከሰኔ ወዲህ አብቅቷል፤ ከኑሮ ውድነት ቀጥሎ እንደ ሳውና አብዝተን የተነጋገርንበት ጉዳይ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እኅቴ ፊንላንድ ውስጥ ታምፔሬ በምትባል ከተማ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። እናታችን ሰባውን ተሻግራለች፤ ጉልበቷንና ወገቧን ቁርጥማት ከያዛት ዓመታት አልፈዋል፤ ክረምት በገባ ቁጥር ከመደቧ ለመነሣት የሰው እጅ ትሻለች። እኅቴ እዚያ የምትጦራቸው አሮጊቶች በሳምንት አንድ ቀን ሳውና ገብተው ፊታቸው ቀልቶ፣ ገላቸው ፈትቶ ሲወጡ እያየች፣ የገዛ እናቷ መንዝ ላይ በብርድ መታጠፏ እንቅልፍ ነሣት። ስለዚህም «ለእማዬ የቤት ሳውና እንሥራላት፤ ገንዘቡ ከእኔ፣ መምረጡ ከአንተ። አንተ የባንክ ሰው ነህ» አለችኝ። ግጥም የሚሞካክር የባንክ ሰው መሆኔን ለጊዜው ዘንግታው ይሆናል።

ለማያውቀው አንባቢ፣ ሳውና ከእንጨት የተሠራች ጠባብ ክፍል ናት። በአንድ ማዕዘኗ ምድጃ፣ በምድጃው ላይ የድንጋይ ክምር፣ በግድግዳዋ ጥግ ደግሞ ደረጃ ያለው የእንጨት መደብ አላት። ድንጋዩ ሲግል የክፍሏ አየር ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሰው ይችለዋል። በጭልፋ ጥቂት ውሃ ድንጋዩ ላይ ሲረጭ ግን «ጭስስ» ብሎ የሚነሣው እንፋሎት ገላን ከራስ እስከ እግር ይጠቀልለዋል። ይህን እንፋሎት ፊንላንዳውያን «ሎይሉ» ይሉታል፤ ቃሉ በጥንት ዘመን «ነፍስ» ማለት ነበር። ሕዝባቸው 5.5 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ሳለ የሳውናዎቻቸው ቁጥር 3 ሚሊዮን ያህል ነው። የሳውና ባህላቸውን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2020 በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮላቸዋል። ብዙ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በምድር ቤታቸው የጋራ ሳውና አላቸው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ በሳምንት የራሱ ሰዓት ይመደብለታል። የእኅቴ ተራ ዓርብ ማታ ነው። ልክ እንደ እኛ የመስኖ ውሃ ተራ መሆኑ ነው።

የእኛስ ብርድ? መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ጣርማ በርን፣ መዘዞንና ሞላሌን አልፎ የመጣ መንገደኛ ከመኪና ሲወርድ ከማንም ሰላምታ በፊት የሚፈልገው ጋቢውን ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጧት በር ሲከፈት ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ይታያል። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የጓሳ አምባ ደግሞ ከ3200 ሜትር ይጀምርና ወደ 3700 ይጠጋል፤ እዚያ ቤቴ ብለው የሚኖሩት ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ናቸው። ይህን ብርድ አባቶቻችንና እናቶቻችን የመከቱት በበግ ነው። የመንዝ በግ ጠጉሩ ሸካራና ረጅም ነው፤ ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ሸማኔው ባና አድርጎ ይሠራዋል። ባና የማያውቅ ቢኖር ከባድ የሱፍ ብርድ ልብስ ነው፤ ለብሰውት ሲያድሩ አንድ ሌላ ሰው በላይዎ የተኛ ያህል ይከብዳል። ሳውናና ባና ቤት መምታታቸውን ያስተዋልሁት አንድ ቀን ከመስኮቴ ፊት ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ነበርና፣ ከገንዘብ መክፈያ ወረቀት ጀርባ እንዲህ ጻፍሁ፦

ፊንላንድ ለብርዱ፣ ከእንጨት ሠራ ሳውና፤
መንዝ ግን ፈተለ፣ ከበግ ጠጉር ባና።

ለእናቴ ባነብላት «ባናስ የእኛ ነው» ብላ ዝም አለች። ዝምታዋ የገባኝ ቆይቶ ነው። ባና የራሱ ሙቀት የለውም፤ የለበሰው ሰው ያመነጨውን ይጠብቃል እንጂ። በዚህ ረገድ ከእኛ ከባንኮች ጋር ይመሳሰላል፤ ያስቀመጥኸውን ይመልስልሃል፣ ያላስቀመጥኸውን ከየትም አያመጣም። የሰባ ዓመት ገላ ደግሞ የሚያስቀምጠው ሙቀት እያነሰ ይሄዳል። ሁለት ባና ደርባ በብርድ የምታድር እናት ያለችው ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል።

በእንፋሎትና በሙቀት መታከም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ጉንፋን ሲይዘን የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልተን በጋቢ ተከናንበን እንታጠናለን። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ አገር በሙሉ ዳማ ከሴውን፣ ጤና አዳሙን፣ ዝንጅብሉን አፍልቶ ሲታጠን ከርሟል፤ ቫይረሱን ባይገድለውም አፍንጫን መክፈቱ አልቀረም። (ሕፃናትን በፈላ ድስት ላይ አጎንብሶ ማጠን ግን ብዙ ልጅ ያቃጠለ ልማድ ስለሆነ ቢቀር ይሻላል።) ከእኛ ወደ ሰሜን በወሎ፣ ከዚያም አልፎ በትግራይ ሴቶች የወይባ ጢስ ይሞቃሉ። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ፍም ይደረጋል፣ በፍሙ ላይ የወይባ እንጨት ይጨመራል፤ ሴትየዋ በላዩ ተቀምጣ እስከ አንገቷ ትሸፈንና ላቧ እስኪንቆረቆር ትቆያለች። ሱዳኖችም «ዱኻን» የሚሉት ተመሳሳይ ልማድ አላቸው። ወይባ የቆላና የወይና ደጋ ዛፍ ስለሆነ መንዝ ላይ አይበቅልም፤ አዲስ አበባ ላይ ግን በውበት ሳሎኖች ገብቶ ከሳውና ጎን ተሰልፏል።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ፍል ውሃ አለ። የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ ከመንዝ፣ ከአጋንቻው ከነጋሢ ክርስቶስ ይመዘዛል። የልጅ ልጆቹ እየወረዱ እየወረዱ ሄደው አንዱ፣ ዳግማዊ ምኒልክ፣ እንጦጦ ላይ ከተማ ሠራ። እንጦጦም እንደ መንዝ ብርዳም ነው። እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ ወደ ፍል ውሃው እየወረዱ ሲታጠቡ ሲመላለሱ ሙቀቱ አስቀራቸውና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ዋና ከተማችን የተመሠረተችው ገላን ለማሞቅ በተደረገ ጉዞ ነው ብል ብዙ አላጋነንሁም። የደጋ ሰው ሙቀት ፍለጋ መውረዱ የቆየ ነው፤ እናቴ ግን ሶደሬም ሆነ ወንዶ ገነት ልትወርድ አትችልም። ጉልበቷ ባይከለክላት መንገዱ ይከለክላታል፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ለሕመምተኛ ሰው መንገድ ማለት ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

ስለ ሳውናው ለእናቴ ያስረዳኋት በቡና ሰዓት ነበር። መቶ ዲግሪ ስላት ቁጥሩ ምንም አልመሰላትም። ከሳውና ወጥተው በረዶ ላይ ይንከባለላሉ ስላት ግን ስኒዋን አስቀመጠች። «ከላብ ወጥቶ በረዶ ላይ? እናት የላቸውም እንዴ?» አለች። ብርድ ይመታል፣ ነፋስ ይገባል፣ ላብ ሳይደርቅ ደጅ አይወጣም፤ ይህ በመንዝ ልጅ ሁሉ ጆሮ ከጡት ጋር የገባ ትምህርት ነው። ቀጥዬ ፊንላንዳውያን ሴቶች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ የሚወልዱት ሳውና ውስጥ እንደነበር ነገርኋት፤ ከቤታቸው ሁሉ ንጹሕና ሞቃት ክፍል እርሱ ስለነበረ ነው። ጥንታዊው ሳውና ጭስ መውጫ እንኳ አልነበረውም፤ እሳቱ ነድዶ ድንጋዩ ከጋለ በኋላ ፍሙ ይጠፋል፣ ጢሱ ይወጣል፣ ሰው ከዚያ ይገባል፤ ግድግዳው በጥላሸት የጠቆረ ነበር።

«ታዲያ የእኛ ማድ ቤት ነዋ!» አለች። ከዚያ ስለ አራስነቷ ማውራት ጀመረች። እኅቴን የወለደቻት በጥር ብርድ ነበር። ምድጃ ዳር መደብ ላይ ባና ተነጥፎላት፣ ወገቧን በቅቤ እያሹ፣ ገንፎ እያጎረሷት፣ እሳቱ ለአንድ አፍታ እንኳ እንዳይጠፋ ሴቶቹ በተራ ሲጠብቁ ሰነበቱ። «ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሞቆኝ አያውቅም» አለችኝ። ምርጫው እውነተኛ ጉዳይ የሆነብኝ ከዚህች ቃል በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ነገሩን እንደ ብድር ማመልከቻ ነበር የያዝሁት፤ ሰነዱ ይሟላ፣ ይመርመር፣ ይወሰን።

ምርመራውስ ምን አሳየኝ?

በመጀመሪያ በእንጨት የሚነድደው አለ። አዋቂዎቹ ከሁሉ የላቀ የሚሉት እርሱን ነው፤ ሙቀቱ ለስላሳ ነው ይላሉ። ለመንዝ ግን አይሆንም። የእኛ ማገዶ ኩበት ነው፤ ኩበት ደግሞ ባይነድ ኖሮ ለገብሱ ማሳ ማዳበሪያ ይሆን ነበር። ቀሪው ባሕር ዛፍ ነው፣ እርሱም ለቤት ማገርና ለገበያ ይፈለጋል። ከጓሳ ቸረንፌ ይለቀማል እንዳይባል፣ ጓሳን ለዘመናት ያቆየው በቀሮ ሥርዓት ሣሩና ቁጥቋጦው በፈቀዱት ጊዜና መጠን ብቻ እንዲነካ መደረጉ ነው። አያቶቻችን ለቤት ክዳንና ለማገዶ በቁጥብ የተጠቀሙበትን እኛ ላብ ለማላብ ብንጨርሰው ነውር ነው።

ሁለተኛው ኢንፍራሬድ የሚባለው ነው። ድንጋይም እንፋሎትም የለውም፤ ጨረሩ አየሩን ሳይሆን ገላን ያሞቃል፣ ክፍሉ ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ቢደርስ ነው። ከ2 ኪሎዋት ያልበለጠ ኃይል ይበቃዋል፣ በተራ ሶኬት ይሠራል። ለቁጠባ የሚመረጥ እርሱ ነበር። ሦስተኛው ደግሞ የድንኳን ሳውና ነው፤ አንድ ሰው ወንበር ላይ ይቀመጥና በጨርቁ ይዘጋበታል፣ ራሱ ብቻ ከላይ ይወጣል፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማፍያ እንፋሎቱን በቱቦ ትልክለታለች። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ታጥፎ አልጋ ሥር ይገባል። የሁለቱንም ሥዕል ለእናቴ በስልኬ አሳየኋት። የድንኳኑን ስታይ በጣም ሳቀች። የኢንፍራሬዱን ደጋግማ ተመለከተችና «ስንት ሰው ይይዛል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አንድ፣ ቢበዛ ሁለት።»

«እንግዲያስ ለማን ነው? ብቻዬን ሣጥን ውስጥ የምገባበት ቀን መቼ ጠፋና!»

በዚህ ቃሏ ሒሳቤ ሁሉ ፈረሰ። እኔ ኪሎዋትና ብር ስቆጥር እርሷ የምትቆጥረው ሰው ነበር። አብረዋት ቡና የሚጠጡ፣ የማርያም ማኅበር የሚጠጡ ሦስት ጎረቤቶች አሏት፤ የሦስቱም ጉልበት ከእርሷ ጉልበት አይሻልም። ነገሩን ለእኅቴ ስነግራት አልተደነቀችም፤ እዚያም ቢሆን ሳውና ውስጥ ሰው ልቡን ይከፍታል፣ ዝም የሚልም አብሮ ዝም ይላል አለችኝ።

ስለዚህ አራተኛው ቀረ፤ ድንጋይ ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ። ሒሳቡን ለሚፈልግ እነሆ። በደንብ ለተሸፈነ ክፍል ለአንድ ሜትር ኩብ አንድ ኪሎዋት ገደማ ይታሰባል። አራት ሴቶች ተጠጋግተው የሚቀመጡባት፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ ክፍል ከ5 ሜትር ኩብ አትበልጥም፤ የ4.5 ኪሎዋት ምድጃ ይበቃታል። ይህ ብዙ ለሚመስለው፣ የእንጀራ ምጣዳችን 3.5 ኪሎዋት ገደማ እንደሚወስድ ልንገረው። ምድጃው ወደ 20 አምፔር፣ ምጣዱ ወደ 16 አምፔር ይስባሉ፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከተለኮሱ የቤታችን መስመር አይችላቸውም። እንግዲህ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ሳውና የለም። መብራት በሌለበት ቀንም የለም፤ እንዲህ ያለው ቀን ጥቂት አይደለም፣ ግን ቁርጥማትም ቀን ቆጥሮ አይመጣም፤ በተገኘው ቀን መጠቀም ነው። ውሃ ደግሞ አንድ ባልዲ ይበቃል፤ ቧንቧ በተራ ለሚመጣበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ለምን ትደክማለህ? ጠባብ ክፍል ዘግተህ የከሰል ማንደጃ አስገባ፣ በላዩ ውሃ ጣድ፤ ይኸው ሳውና» አለኝ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በደጋው አገር ብርድ በጠና ቁጥር ከሰል አስገብተው፣ በርና መስኮት ዘግተው የተኙ ሰዎች ሳይነሡ መቅረታቸው በየዓመቱ የሚሰማ ነው። «ጢሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ ችግር የለውም» የሚለው የብዙ ቤት እምነት ስሕተት ነው። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ከቀላው ፍምም ይወጣል፣ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ቀጥሎ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ ጉልበት ይከዳል፤ ሰውየው በሩን ልክፈት ሲል እግሩ አይታዘዘውም። ጥንታዊውን የጭስ ሳውና የሠሩት ሰዎች ፍሙን አጥፍተውና አየሩን ለውጠው የሚገቡት በከንቱ አይደለም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ አንባቢ ቢኖር ይህን እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፦ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል፣ ለሳውናም ሆነ ለእንቅልፍ፣ አይገባም።

ስለ ጤናው ጥቅም ሐኪሟን አማከርን። ፊንላንዳውያን ተመራማሪዎች በምሥራቅ ፊንላንድ፣ በኩኦፒዮ አካባቢ 2315 ጎልማሳ ወንዶችን ሃያ ዓመት ገደማ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት ከ4 እስከ 7 ጊዜ ሳውና የሚገቡት አንድ ጊዜ ብቻ ከሚገቡት ይልቅ በድንገተኛ የልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው በ63 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ቁጥሩ ያማልላል። ነገር ግን በሳምንት ስድስት ቀን ሳውና የሚገባ ሰው ቀድሞም ጤና፣ ጊዜና ሰላም ያለው ሰው ሊሆን ይችላል፤ ባንክ ውስጥ የሚሠራ ሰው ብዙ የሚያስቀምጡት ሀብታሞች መሆናቸውን አይቶ ማስቀመጥ ብቻውን ሀብታም ያደርጋል ብሎ አይደመድምም። ጥናቱ የተደረገውም በወንዶች ላይ ነው፤ እናቴ ደግሞ የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስድ ሴት ናት። ሐኪሙ እንዲህ አለን፦ ሙቀት ለቁርጥማት ለጊዜው ያፍታታል እንጂ አያድንም፤ መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ። ከታችኛው መደብ ትቀመጥ፣ ሙቀቱ ከ60 እና 70 አይለፍ፣ በ10 ደቂቃ ትውጣ፣ በቂ ውሃ ትጠጣ፣ ስትነሣ ቀስ ትበል፤ ሙቀት ደም ሥርን ስለሚያሰፋ ግፊቷ በድንገት ወርዶ ልትወድቅ ትችላለች። ብቻዋን አትግባ። በዚች በመጨረሻዋ ላይ ሐኪሙና እናቴ በአንድ ድምፅ ተስማሙ። ጠላ ከተጠጣ በኋላ መግባት ደግሞ ፈጽሞ አይቻልም፤ ይህ ለማኅበርተኞቹ ተለይቶ የሚነገር ነው።

ክፍሏ ከቤቱ ጀርባ ተጠግታ ትሠራለች። ግድግዳው የመንዝ ድንጋይ፣ ውስጡ ጣውላ ነው። ስለ ጣውላው ከአናጢው ጋር ብዙ ተከራክረናል። እርሱ ጥድ ይሻላል አለ፤ መዓዛው ጥሩ ነው፣ ምስጥም አይደፍረውም። እውነቱን ነው፣ ነገር ግን በእኛ አካባቢ ትልልቅ ጥድ የቀረው ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነው፤ እርሱን ለላብ ስንል አንነካም። ባሕር ዛፍ በደንብ ካልደረቀ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ቺፕውድ ሙጫው በሙቀት ጊዜ መጥፎ ጋዝ ስለሚያወጣ አይታሰብም። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን የደረቀ የዋንዛ ጣውላ ይመጣል። ምስማሮቹ እንጨቱ ውስጥ ሰምጠው ይገባሉ፤ አለዚያ የጋለ ምስማር ገላ ይተኩሳል። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ቁልፍም መቀርቀሪያም የሌለው ይሆናል። ከምድጃው ሥር አየር የሚገባበት፣ በማዶው ግድግዳ የሚወጣበት ቀዳዳ ይተዋል። አናጢው ለቀዳዳው ሳቀብኝ፤ «ሙቀት ልታስገባ ወይስ ልታስወጣ?» አለ። አራት ሰው በአንዲት ጠባብ ክፍል የሚተነፍሰው አየር ከየት እንደሚመጣ ስጠይቀው ግን ቀዳዳውን ሠራው።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የእኅቴ ዩሮ ከእጥፍ በላይ ብር ያመጣል፤ የሲሚንቶውና የጣውላው ዋጋም ይህን የሰማ ይመስላል። ስለዚህ ምድጃውን ከዚህ ከመግዛት በአንድ ፌዝ የሚሠራ ሆኖ ከዚያው እንዲመጣ ወሰንን። ባዶው ምድጃ ቀላል ነው፤ በ23 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ለልብስም ቦታ ይተርፋል። እኅቴ ድንጋዩን ጭምር ልታመጣ አስባ ነበር፤ እዚያ በካርቶን ታሽጎ ይሸጣል። እናቴ ይህን ስትሰማ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። «ልጄ፣ መንዝ እህል አጥታ ታውቃለች፤ ድንጋይ አጥታ አታውቅም» አለቻት።

ግን ማንኛውም ድንጋይ አይሆንም። ከባድ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ስንጥቅና ቀዳዳ የሌለው መሆን አለበት። የወንዝ ድንጋይ ውስጡ ውሃ ካለ እሳት ላይ ይፈነዳል፤ ይህን ለእናቴ ላስረዳት ስጀምር «የወንዝ ድንጋይ ጉልቻ እንደማይሆን ለእኔ ነው የምትነግረኝ?» ብላ አቋረጠችኝ። የአገራችን ጥቁር ድንጋይ ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረ ስለሆነ አንድ ጊዜ እሳት አይቷል። ቢሆንም ፈተና አለው። በመጀመሪያ በብረት ይመታል፤ ድምፁ ከደነቆረ ውስጡ ተሰንጥቋል፣ ከጮኸ ደኅና ነው። ቀጥሎ ከሰው ርቆ እሳት ውስጥ ይግላል፣ ውሃ ይቸለስበታል፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይመታል። የሰፈሩ ልጆች ከየማሳው ዳር ይለቅማሉ፤ እናቴ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ በአሮጌ ማጭድ ጀርባ እየመታች ታዳምጣለች። «ይኼ ይጮኻል፣ ያዘው። ያኛው ደንቆሮ ነው፣ ወርውረው» ትላለች። ሦስቱ ጎረቤቶቿም መጥተው ጆሯቸውን ያጋድላሉ፣ አንዳንዴም በውሳኔዋ ይከራከሯታል። ምድጃው 20 ኪሎ ድንጋይ ይይዛል። ከሱቅ ሚዛን ተውሰን እስከ ትናንት ያለፉትን መዘንናቸው፤ 14 ኪሎ ሆነዋል።